የሱፍን ያመለጠው ርችት

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ የየሱፍን ፎቶ ቤት የማያውቅ ሰው ካለ፣ ጉርድ ፎቶ ተነስቶ የማያውቅ ሰው ነው። መታወቂያ ያወጣ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያስመዘገበ፣ ለሰርጉ የተኳለ ሁሉ ከዚያች ጠባብ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ተነስቷል። የሱፍ በሰኔ አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ከዙህር ሶላት ሲመለስ ደረቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ፤ በዚያው አልተነሳም። ዕለቱን ከአስር ሶላት በኋላ ቀበሩት።

ሦስት ሰው ትቶ ሄደ። ሚስቱን ቢልቂስን፣ የበኩር ልጁን ሂሻምን፣ የሂሻምን ታናሽ ጣይባን። ሌላው የተወው ነገር ቤቱ ነው። ከፊት ሱቁ፣ ከሱቁ ኋላ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል፣ ከዚያ ወዲያ መኖሪያቸው።

የለቅሶው ሦስት ቀን አለፈ። ዲኑ ለልጅ ከሦስት ቀን በላይ አይፈቅድም፤ ለሚስት ግን አራት ወር ከአስር ቀን ነው። ቢልቂስ ዒዳዋን ተቀመጠች፣ ከደጃፏ አትወጣም። ጣይባ በአራተኛው ቀን ሱቁን ከፈተች። ሰው ሲመጣ ፎቶ ታነሳለች፤ ሰው ሲሄድ ጨለማ ክፍል ገብታ በሩን ትዘጋለች። ሐዘን በቀን ተቆጥሮ የሚያልቅ ከሆነ የእሷ ቆጣሪ ተበላሽቷል ማለት ነው። ጨለማው ደግ ነው፤ ያበጠ ዓይን አያሳይም። አባቷ እጁን የሚያብስበት ፎጣ ምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር፣ እሷም አላጠበችውም።

ሂሻም ሆጤ ሰፈር ስልክ ይሸጣል። ክፉ ሰው አይደለም። ድንኳኑን ያስተከለ፣ ቀባሪውን ያስተናገደ፣ እናቱን በየማታው እየመጣ የሚያይ እሱ ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ቆርጦ መጣ። የጨለማ ክፍሉን ግድግዳ አፍርሶ ሱቁን ሊያሰፋው፣ ግማሹን ስልክ መጠገኛ ሊያደርገው። ግንበኛውን ቡዜን አምጥቶ አስለክቶታል፤ ቡዜም መስከረም በገባ በሦስተኛው ቀን እጀምራለሁ ብሎ ቀኑን ይዞለታል።

ጣይባ አይሆንም አለች። እሱ አስረዳት፣ እሷ አልሰማችም። እሷ አስረዳችው፣ እሱ አልሰማም። በመጨረሻ ሂሻም መደርደሪያው ላይ የተቀመጠውን አሮጌ የፊልም ካሜራ በአገጩ ጠቆመ።

«በጦርነቱ ከተማዋ ስትዘረፍ ከዚህ ቤት ያልተወሰደ ነገር ነበር? ኮምፒውተሩን ወሰዱ፣ ዲጂታሉን ካሜራ ወሰዱ፣ መጋረጃውን እንኳ ቀደው ወሰዱ። ይሄን ግን አንስተው አዩትና መልሰው ጣሉት። ሌባ የናቀውን ዕቃ አንቺ ታቅፈሽ ትቀመጪ?»

«አባባ በሱ ነው የኖረው።»

«አባባ በሱ ነው የተሳቀበት» አለ ሂሻም፤ ከአፉ ከወጣ በኋላም መሬት መሬት አየ።

ውሸት ቢሆን ኖሮ አያምም ነበር። ኮምቦልቻ በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ርችት ይተኮሳል። የሱፍ ከዝርፊያው በኋላ ያቺን የተረፈች ካሜራ ይዞ ሦስት ዓመት ሙሉ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ዳገት ላይ እየወጣ፣ ከጠመዝማዛው መንገድ ዳር ቆሞ ቁልቁል ርችቱን ለማንሳት ሞከረ። ሦስቱንም ዓመት ጢስ ይዞ ተመለሰ። ነገሩ የደሴ መሳቂያ ሆነ። የሚኒባስ ሾፌሩ ስለሺ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲመላለስ የኖረው ጎረቤታቸው፣ ሱቁ ፊት ሲያልፍ ጡሩምባውን ነፍቶ «ጋሽ የሱፍ፣ ዘንድሮስ ጢሱ እንዴት አምሮ ወጣ?» ይለዋል። የሱፍም አብሮ ይስቃል። ለምን እንደማይተወው ግን ለማንም አይናገርም።

ለቤቱ ሰው ምስጢር አልነበረም። ቢልቂስን የሐረጎ መንገድ ያዞራታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ስትደርስ ሆዷ ይገለበጣል። ስለዚህ ርችት የሚባለውን ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ሂሻም አንድ ጊዜ በስልኩ ቢያሳያት «ይሄማ ቴሌቪዥን ነው» ብላ መለሰችለት። የሱፍ ግን «እኔ አመጣልሻለሁ፣ እጅሽ ላይ አስቀምጥልሻለሁ» ብሏት ነበር።

ስለዚህ ሂሻም ያንን ሲናገር ጣይባ አልጮኸችም። ፊልም ስንት እንደቀረ ታውቃለች፤ ሁለት ጥቁርና ነጭ፣ ጊዜያቸው ያለፈ። በዚያች ካሜራ፣ በዚያች ሐረጎ፣ ዘንድሮ እኔ አነሳዋለሁ አለችው።

ሂሻም ካሜራውን አንስቶ አገላብጦ አየው። «እሱ ያልቻለውን አንቺ ከቻልሽ፣ ወላሂ ግድግዳዋን በጣቴ አልነካም። ካልሆነ ግን በሦስተኛው ቀን ቡዜ ይገባል። ያን ጊዜ እንዳታለቅሽብኝ።»

እጃቸውን ተማቱ። ቢልቂስ ከወዲያ ሆና ሰማች፣ ሙስበሃዋን መቁጠሯን ግን አላቋረጠችም።

በማግስቱ ጣይባ የአባቷን ፖስታዎች አወረደች። የሦስቱን ዓመት ነጋቲቮች በመስኮቱ መስታወት ላይ ደርድራ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አየቻቸው። ሃያ አንድ ነበሩ። ሃያ አንዱም ጢስ። የነደደ ነገር የለ፣ የተበተነ ብልጭታ የለ፤ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ሰማይ ላይ የቀረ ዳመና ብቻ።

ይሄ ነገር አልዋጥ አላት። ካሜራ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ ሃያ አንዴ ቢጫን አንዱ በዕድል ይገባለታል። አባቷ ደግሞ ሙሽራዋ ሳቋ ከንፈሯ ላይ ሳይደርስ ቀድሞ የሚጫን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጣት ሃያ አንዴ እንዴት ይዘገያል? ነጋቲቮቹን ይዛ እናቷ ዘንድ ገባች።

ቢልቂስ ነጋቲቮቹን አላየችም። ልጇን ነው ያየችው።

«ዓይኑ አያይም ነበር» አለች።

ጣይባ የሰማችው ነገር አልገባ አላት።

«ሞራ ነው። ቀን ቀን ይሻለዋል። ሲመሽ ግን መብራት ሁሉ አንድ ዳመና ይሆንበታል። ፎቶ አንሺ ዓይኑ ታመመ ከተባለ ማን ፊቱን ያምነኛል ብሎ ቁርአን አስመታኝ። ይኸው እሱም ሄደ፣ እኔም ተናገርኩ፤ አላህ ይማረኝ።»

«ታዲያ ርችቱን በምን ሊያነሳ?»

«በጆሮው። ሲፈነዳ ሲሰማ ይጫናል።»

ጣይባ ተቀመጠች። ሐረጎ ከኮምቦልቻ በጣም ሩቅ ነው። ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ አናት ላይ መብረቅ ሲበርቅ፣ ነጎድጓዱ ደሴ እስኪደርስ ሰው አስር ይቆጥራል። የርችቱም ድምፅ እንደዚያ ነው። ድምፁ ሐረጎ ሲደርስ ርችቱ ተበትኖ፣ ወርዶ፣ ጠፍቶ ጢሱ ብቻ ቀርቷል። አባቷ ሦስት ዓመት ሙሉ በትክክል፣ ጣቱ ሳይሳሳት፣ ድምፁን ነበር ያነሳው።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ እሱ የባሰ ነበር። ባለፉት ዓመታት ሰው በርጩማው ላይ ሲቀመጥ አባቷ ዘወር ብሎ «ጣይባ፣ ነይ አንቺ አጥሪው፣ ልመጂ» ይላት ነበር። እሷ ሌንሱን እያዞረች ፊቱን ታጠራለች፣ እሱ ይጫናል። እያስተማረኝ ነው ብላ ነበር። ለካ ዓይኗን እየተዋሰ ኖሯል። እየተዋሰ ግን በእውነትም አስተምሯታል፤ አሁን የማታውቀው ሌንስ፣ የማታውቀው ብርሃን የለም። ያን ቀን ጨለማ ክፍል ገብታ አለቀሰች፣ ወጥታ ደግሞ የመጀመሪያውን ፊልም ካሜራው ውስጥ አስገባች።

ነሐሴ መብረቅ አያጣም። ለአንድ ሳምንት አመሻሽ ላይ ጣራዋ ሥር ቆማ ካሜራውን ወደ ጦሳ አነጣጠረች። መጀመሪያ መብረቁን አይታ ተጫነች፤ ዘገየች። ቀድማ ልትገምት ሞከረች፤ ሳተች። በሦስተኛው ቀን ነው የገባት። ብርሃንን አሯሩጠው አይዙትም፤ በር ከፍተው ይጠብቁታል። ካሜራዋ ቁልፉ እስካልተለቀቀ ድረስ ተከፍታ የምትቆይበት ምልክት አላት። ጣይባ በዚያ ላይ አደረገቻት፣ ካሜራውን ሳትነካ የምትከፍትበትን ቀጭን ሽቦ አሰረች፣ ሰማዩ ጥቁር ሳለ ከፈተች፤ መብረቁ ራሱ መጥቶ ገባ።

ማጠቡ ላይ ግን ተሸነፈች።

የሱፍ ፊልም የሚያጥበው በዱሮው መንገድ ነው። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ፊልሙን ሁለት ጫፍ ይዞ የማጠቢያው መድኃኒት ባለበት ሳህን ላይ ሽቅብ ቁልቁል እያለ ያርሰዋል። ሰዓት የለም፣ የሰዓት መብራት ፊልም ያበላሻል። ሰዓቱ መንዙማ ነበር። ቦሩ ሜዳ የነበሩ ሸኩ ያስተማሩት አስራ ሁለት ቤት ያላት መንዙማ አለችው፤ ፊልሙ ሳህኑ ላይ ሲያርፍ ይጀምራል፣ ስምንተኛው ቤት ሲያልቅ ያወጣል። መድኃኒቱንም የሚቀምመው ራሱ ነው። ስንት ደቂቃ ነው ብሎ የለካው ማንም የለም።

ጣይባ መንዙማዋን ከእነ አዝማቿ ታውቃታለች። ጨለማው ውስጥ ቆማ አወረደቻት፣ በስምንተኛው ቤት ፊልሙን አወጣች። መብራት ስታበራ መብረቁ አለ፣ ግን እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ፣ እፍ ቢሉት የሚጠፋ ሆኖ። መድኃኒቱ አርጅቷል ብላ ተስፋ ቆረጠች። መድኃኒቱ ከሚቀመምበት ዱቄት የቀረው ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው።

ቢልቂስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። «ማን አሯሯጠሽ?»

«ምን አልሽ እማዬ?»

«መንዙማዋን ነዋ። መውሊድ ላይ ድቤ እየተመታ ያልሽው ነው የሚመስለው። እሱ እንዲህ አይልም ነበር። አንድ ቤት ይላል፣ ከዚያ ዝም ብሎ በሆዱ ነቢዩ ላይ አስር ሶለዋት ያወርዳል፣ ከዚያ ነው ሁለተኛውን የሚያነሳ። ሠላሳ ዓመት እዚች በር ሥር ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ።»

ጣይባ ያን ዝምታ ሰምታው አታውቅም ነበር። ዝምታ በር አልፎ አይሰማም፤ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ካልሆነ። እንግዲያው አንቺ በይልኝ፣ እኔ ልለካው አለቻት። ቢልቂስ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ጀምራው ነበር፣ ብቻዋን፣ አንድ ቀን። ሦስተኛው ቤት ላይ የእሱ ድምፅ መጣባት። ከዚያ ወዲህ ምላሷ አይታዘዝላትም። ጣይባም አላስጨነቀቻት።

የጳጉሜን አምስት ዕለት መግሪብ ሰግደው ተነሱ። ስለሺ ለበዓሉ ኮምቦልቻ እናቱ ቤት ስለሚወርድ እሱ ጫናቸው። ሂሻም የካሜራውን ማቆሚያ ተሸክሞ ከኋላ ገባ፤ ጣይባ ምን ልትሠራ ነው ስትለው ዳኛ ነኝ አላት።

ሐረጎን ሲጀምሩ ጉሙ መጣ። የሐረጎ ጉም እንደ ግድግዳ ነው። ስለሺ መብራቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ መስታወቱ አስግጎ፣ በአህያ ፍጥነት እየነዳ እንኳ ከመቀለድ አልቦዘነም። ዘንድሮስ እድገት አለ፣ ከጢስ ወደ ጉም ተሸጋግረናል አለ። ማንም አልሳቀለትም። የሱፍ የሚቆምበት ኩርባ ሲደርሱ አቆመ። ወርደው አዩ። ኮምቦልቻ የለችም። የመንገዱ ጠርዝ እንኳ የለም።

«በቃ» አለ ሂሻም። ድምፁ የደስታ አልነበረም። «አብሽሪ ጣይባ፣ የአላህ ሥራ ነው። ማንም አንቺን አይወቅስሽም። እንመለስ።»

ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሰዓት ቀርቷል። ጣይባ አባቷ ቆሞበት የነበረውን ድንጋይ አየችው። እግሯ እዚያ ላይ መቆም ነበር የሚፈልገው፣ ወሩን ሙሉ ያሰበችው እዚያ መቆምን ነው።

«ጋሽ ስለሺ፣ ቁልቁል ይንዱ» አለች።

«ወዴት?»

«ከጉሙ ሥር እስክንወጣ።»

ስለሺ ሂሻምን አየ፣ ሂሻም ትከሻውን ሰበቀ። ወረዱ። አንድ ኩርባ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጉሙ እንደነበረ ነው። አራተኛው ላይ ነጣ አለ። አምስተኛውን ሲዞሩ መጋረጃ እንደተቀደደ ሆኖ ኮምቦልቻ መብራቷን ዘርግታ ቁጭ ብላለች፤ ጉሙ ከራሳቸው በላይ እንደ ጣራ ቀረ። ስለሺ «የአምላክ ያለህ» ብሎ ከመንገድ ወጣና ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ።

ጣይባ ማቆሚያውን ተከለች። የሌንሱን ቀዳዳ አጠበበች፣ ርቀቱን መጨረሻው ላይ አደረገች፣ ሽቦውን አሰረች። ከታች በኩል የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪኖች እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ የአንዳቸው መብራት ሌንሱ ላይ ካረፈ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። ሂሻም ሳይለምኑት ጃኬቱን አወለቀ።

የመጀመሪያው ርችት ሲወጣ ሁሉም አፉን ከፍቶ ቀረ። ጣይባም ጭምር። ተበትኖ ካለቀ በኋላ ነው ሽቦውን የተጫነችው፤ ድምፁ ደግሞ ከዚያም በኋላ ዷ ብሎ መጣ። ሁለተኛውም አመለጣት። ያን ጊዜ አባቷ ለምን እንደዚያ ድምፁን እንደሚያምን ገባት። ድምፁ ደረት ይመታል፣ ሰውን ያዝ ያዝ ይለዋል። ጆሮዋን በሻርፗ ጠቀለለችና አጠበቀች።

«ሂሻም፣ ከመሬት ቀጭን ክር የመሰለች ብልጭታ ስትነሳ ትከሻዬን ንካኝ። ሲፈነዳ አይደለም። ስትነሳ።»

ሂሻም ጃኬቱን ሌንሱ ፊት ዘርግቶ ቆመ። ክሯ ስትነሳ ጃኬቱን አነሳ፣ ትከሻዋን ነካ። ጣይባ ከፈተች። ክሯ ወጣች፣ ወጣች፣ ቆመች፣ ከዚያ ሰማዩን ሞልታ ተበተነች፤ ቅርንጫፏ አንድ በአንድ ወረደ፣ ወረደ፣ ጠፋ። ጣይባ ዘጋች። ጃኬቱ ተመለሰ። ድምፁ ገና አሁን መጣ፤ በተጠቀለለው ጆሮዋ እንደ ሩቅ በር ማንኳኳት ብቻ ተሰማት።

ደገሙት። ደግመው ደገሙት። ከአምስተኛው በኋላ መነጋገር አላስፈለጋቸውም። ልጅ ሆነው እንኳ እንዲህ ተግባብተው አያውቁም፤ ሂሻም ትከሻዋን ገና ሳይነካት ጣቷ ታውቀዋለች። ስለሺ ከኋላ ቆሞ ስለ ጢስ መቀለዱን ረስቷል።

መጨረሻ ላይ እንደተለመደው ሁሉንም ባንዴ ለቀቁት። ጣይባ ከፈተችና አልዘጋችም። አንዱ ከሌላው ላይ፣ ሌላው ከሌላው ላይ ሲፈነዳ፣ የጉሙ ጣራ ከሥሩ ሲበራ፣ ጣቷ ልቀቂ ልቀቂ ሲላት ያዘች። በዚህ መሐል ከኩርባው ሥር የከባድ መኪና መብራት ብቅ አለ። ሂሻም ጃኬቱን ሌንሱ ላይ ቢጥል ርችቱን ይሸፍነዋል። ዞሮ መንገዱ ዳር ወጣ፣ ጃኬቱን በሁለት እጁ እንደ ክንፍ ዘርግቶ ከመኪናው መብራትና ከካሜራው መሐል ቆመ። ሾፌሩ ጡሩምባውን አንባረቀበት፣ የሰደበውን ስድብ ስለሺ ብቻ ነው ሰምቶ የሳቀው። መኪናው አለፈ። ሰማዩ ጨለመ። ጣይባ ሽቦውን ለቀቀች።

ስለሺ የእናቱን ቤት ለማግስቱ ትቶ ወደ ደሴ መለሳቸው። ደሴ መግቢያ ላይ ሂሻም «ታይቷል ማለት ወጥቷል ማለት አይደለም» አለ። ትክክል ነው። ቁርጡ የሚታወቀው ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው።

የዓመቱ የመጀመሪያ ጠዋት፣ ጎረቤት ሁሉ በዓሉን ሲያከብር፣ ጣይባ የመጨረሻውን ዱቄት በጠበጠች። በሩን ዘጋች። ጨለማው ውስጥ ፊልሙን ከፍታ ሁለት ጫፉን ያዘች፣ ሳህኑ ላይ አሳረፈችው፣ የመጀመሪያውን ቤት ጀመረች።

በቀስታ ጀመረች፣ እንደሱ። የመጀመሪያው ቤት አለቀ። ዝምታው መጣ። ዝምታው ውስጥ የአባቷ ፎጣ ይሸታል፣ የእጁ መድኃኒት ይሸታል። ሁለተኛውን ልታነሳ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ፊልሙ ሳህኑ ውስጥ ነው፣ ጊዜው እየሄደ ነው፣ ስንት እንደሄደም አታውቅም። እጇ ብቻ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። አለቀ፣ ጠፋ፣ ቡዜ ይገባል አለች በልቧ።

ያን ጊዜ ከበሩ ወዲያ ድምፅ ተሰማ።

ሁለተኛው ቤት ነበር። ቀስ ያለ፣ የሻከረ፣ ሳይዜምበት የቆየ ድምፅ። ቢልቂስ ነች። ቤቱን ጨረሰች፣ ዝም አለች። ጣይባ ጨለማው ውስጥ ቆማ ያን ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳመጠችው። አስር ሶለዋት። ሦስተኛው ቤት። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ሊቆም ሆነ፣ አልቆመም። ተሰንጥቆም ሄደ። አራተኛው ላይ ጠራ። አምስተኛው ላይ ጣይባ አዝማቹን ከውስጥ ተቀበለች። ሂሻም በኋላ እንደነገራት እናታቸው ሙሉውን ጊዜ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ነበር፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚይዙት።

ስምንተኛው ቤት አለቀ።

«አውጪው» አለች ቢልቂስ።

ጣይባ አወጣችው። በማጽኛው መድኃኒት አሳለፈችው፣ በውሃ አለቀለቀችው፣ በሩን ከፈተች። ፊልሙ ጠብ ጠብ እያለ ከጓሮው ፀሐይ ወጣ። ሂሻም ከእጇ ላይ ጫፉን ተቀብሎ ወደ ሰማይ አነሳው። እዚህ ቤት ያደገ ልጅ ነው፣ ነጋቲቭ ማንበብ ማንም አያስተምረውም፤ የጠቆረው ብርሃን ነው፣ ጠርቶ ባዶ የሆነው ጨለማ ነው። ጥቁርማ ነበር። እንደ ሾላ ቅርንጫፍ ተንዠርግጎ፣ እያንዳንዱ ጭራ እስከ ጫፉ ተስሎ፣ አንዱም ሳይሳሳ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ።

«ዘጠኝ» አለ። ደግሞ ቆጠረ። «ወላሂ ዘጠኝ ናቸው።»

የመጨረሻው ላይ ቆመ። የርችቱ ጎርፍ መሐሉን ሞልቶታል፣ ከጎኑ ደግሞ የመኪናው መብራት ሊገባ ሲል በአንድ ሰው ትከሻ ተቆርጦ ቀርቷል። ሂሻም ትከሻውን አወቀው። ጫፉን ለእህቱ መለሰላትና ስልኩን አውጥቶ ዘወር አለ። ቡዜን ነበር የደወለለት። እንኳን አደረሰህ አለው፣ የልጆቹን ጤና ጠየቀው፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን እንዳይመጣ ነገረው። ቡዜ ለምን ሳይለው አይቀርም፤ ሂሻም ቤቱ ሥራ ላይ ነው ብሎ ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ቀዩን መብራት አብርተው ሦስቱም ገቡ። ቢልቂስ ሠላሳ ዓመት የኖረችበት ቤት ሆኖ እዚያ ክፍል ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር፤ ጠባብ ነው፣ ለአንድ ሰው ነው። ሂሻም ጀርባውን ግድግዳው ላይ አጣብቆ ቦታ ሰጣት። ጣይባ ነጋቲቩን በብርሃን ያሳረፈችበትን ነጭ ወረቀት፣ ለወረቀት በተለየው ሌላ መድኃኒት ውስጥ አስገባችው። ለጥቂት ጊዜ ወረቀት ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ግራጫ ነጥብ፣ ከዚያ የኮምቦልቻ መብራቶች፣ ከዚያ ሰማዩ እየጠቆረ፣ እየጠቆረ ሲሄድ ርችቱ ነጭ ሆኖ ከመሐሉ ተነሳ።

ቢልቂስ እስከዛሬ ርችት ማለት እንደ ኩራዝ ያለች ትንሽ ነገር አድርጋ ነበር የምታስበው። እርጥቡን ወረቀት በሁለት መዳፏ ተቀበለችው። ውሃው በክንዷ ላይ ወረደ።

«ከተማዋን ያህላል እንዴ?»

«ይበልጣል እማዬ» አለ ሂሻም።

ቢልቂስ ዱዓ አደረገች፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቋትም። ስትጨርስ ፊቷን አብሳ፣ በትልቁ አውጡትና ሱቁ መስታወት ላይ ይሰቀል፣ ያለፈ ሁሉ ቆሞ ይይ ብላ አዘዘች።

በማግስቱ ጠዋት ተሰቀለ። ሰኞ ገበያ ለማየት አይሰንፍም። መጀመሪያ ሁለት ሰው ቆመ፣ ከዚያ አስር፣ ከዚያ ባጃጁ ማለፊያ አጣ። ስለሺ ሚኒባሱን ዳር አቁሞ፣ በእጁ ኩርባውን እየሣለ፣ ጉሙን እንዴት ሰንጥቆ እንደነዳ ያስረዳል፤ በየገለጻው ጉሙ እየወፈረ ይሄዳል። ቢልቂስ ዒዳዋ ስላላለቀ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጣ ትሰማለች። ጣይባ አጠገቧ ቆማለች።

ከሰዉ መሐል አንድ ሽማግሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሄን ማን አነሳው ብሎ ጠየቀ። ስለሺ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሂሻም ቀደመው።

«ጣይባ የሱፍ» አለ፣ መንገዱ ማዶ ድረስ እንዲሰማ።

ሰዉ ተንጫጫ። ቢልቂስ ጆሮዋን ወደ መጋረጃው አስጠጋች፤ በሚገባ ሰምታለች፣ ፊቷ ያስታውቃል።

«ማን አለ?» አለቻት ልጇን።

ጣይባ ነገረቻት።

«ድገሚልኝ» አለች ቢልቂስ።